በወንፈል የወጣ ቁጥር

«ማሽኑ ደካማ ጓደኛ እየመረጠ ይሰጠኛል» የሚለው የኦንላይን ጌም ተጫዋቾች እሮሮ ሐሰት ነው። ማሽኑ ማንንም አይመርጥም፤ ማንንም አይጠላም፤ ደብረ ማርቆስ የምትባል ከተማ መኖሯንም አያውቅም። የነገሩትን ያምናል፣ ባመነው ላይ ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ በቃ። የምንዋሸው እኛ ነን። ይህን የምለው የሆነ ቦታ አንብቤው አይደለም። ተጫዋቹ ሁሉ የሚያማርረው ያ ደካማ ጓደኛ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እኔ ራሴ ስለነበርኩ ነው።

ጌም ነክተው ለማያውቁ አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። የምታውቁት ታገሡኝ፤ እኔም ስንት ነገር ታግሻለሁ። ጨዋታው በስልክ ነው፤ አምስት ሰው ከአምስት ሰው ይገጥማል። አንዱ ከሩቅ ይወጋል፣ አንዱ ይከላከላል፣ አንዱ፣ አድፋጭ የሚባለው፣ ጫካ ለጫካ እየዞረ ያደባል። የሞተ ጥቂት ቆይቶ ይነሣል፤ የሌላውን ሰፈር በሮች ሰብሮ ቀድሞ የገባ ቡድን ያሸንፋል። እያንዳንዱ ተጫዋች ከስሙ ሥር አንድ ቁጥር አለው። ሲያሸንፍ ይጨመርለታል፤ ሲሸነፍ ይቀነስበታል። ከእሱ የበረታውን ከጣለ ብዙ፣ የደከመውን ከጣለ ጥቂት ነው የሚያገኘው። ማሽኑ ታዲያ ለመጫወት ከተሰለፉት መካከል ቁጥራቸው የተቀራረበ አሥር ሰዎች ለቅሞ አምስት አምስት አድርጎ ያጋጥማቸዋል። ቁጥራቸው የሚቀራረብ ሁለት ወዳጆች ካሉም አብረው መሰለፍ ይችላሉ። ጨዋ ሐሳብ ነው። ከብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን የሰው አመዳደብ ይሻላል ብል የሚከሰኝ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ያኔ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ፤ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ታሪክ አስተምራለሁ። ይጁቤ ለሰርግ ሄጄ ጭቃ አንሸራተተኝና ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ፤ ሁለት ወር ተኩል ቤት ዋልኩ። መጽሐፍ ሰለቸኝ። ንባብ አይሰለችም የሚሉ ሰዎች ሁለት ወር ተኩል በተከታታይ አንብበው የማያውቁ ናቸው። የሥራ ባልደረባዬ በላይነህ፣ ፊዚክስ የሚያስተምረው፣ ሊጠይቀኝ ሲመጣ እንደ ሰው ብርቱካን በማምጣት ፈንታ ጌሙን ስልኬ ላይ ጭኖልኝ ሄደ። እግሬ ዳነ፤ ጌሙ ግን አልለቀቀኝም። ከመናኸሪያው ጀርባ ታዴ የሚባል ሰው የከፈታት ጌም ቤት ነበረች። ከክፍል ስወጣ ጋቢዬን ደርቤ እዚያ እሄዳለሁ። ግማሹ ደንበኛ ተማሪዬ ነው። አፈርኩ? መጀመሪያ ሰሞን፣ አዎ።

ችግሩ አልችልም ነበር። ቁጥሬ አንድ ሺህ አንድ መቶ አካባቢ ተቸንክሮ ቀረ። ጠላት ከጫካ ብቅ ሲል ሌላው ሰው ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ እኔ ጠላት ለምን በዚህ በኩል እንደመጣ አስባለሁ። የታሪክ መምህር ነኛ። ምክንያቱን ደርሼበት ቀና ስል ሞቻለሁ።

ይህን ሲታዘብ የሰነበተው በላይነህ አንድ ቀን «ጋሽ ደምሴ፣ ለምን ወንፈል አንገባም?» አለኝ።

ወንፈል ያልገባው የጎጃም ሰው የለም። ዛሬ ተሰብስበን የእኔን ገብስ እናጭዳለን፣ ነገ ያንተን። ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። የበላይነህ ሐሳብ፣ እሱ በእኔ አካውንት ገብቶ ይጫወትልኝና ቁጥሬን ያወጣልኛል፤ እኔ በምላሹ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፉን አርምለታለሁ። ያረምኩት ምን ያህል እንደሆነ ባልናገር ይሻላል፤ ከምዕራፍ ሁለት ውስጥ የእሱ የነበረው የገጽ ቁጥሩ ብቻ ነው። ታዴም ገባበት። እሱ ዋይፋዩን በነፃ ይለቅልናል፣ እኔ ለቢሮ የሚያስገባቸውን ማመልከቻዎች እጽፍለታለሁ፣ በላይነህ የእሱንም ቁጥር ያወጣል። ማንም ሌብነት ነው አላለም። በሌላ አገር እንዲህ ያለው ሥራ በድብቅ በክፍያ ይሠራል አሉ። እኛ በጠራራ ፀሐይ፣ በወግ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እየተባባልን ሠራነው። መረዳዳት ነዋ! ባህላችን ነዋ!

በአንድ ሴሚስተር ቁጥሬ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ደረሰ። የሚገርመው መድረሱ አይደለም፤ ማመኔ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሲጠይቀኝ «የበላይነህ ሥራ ነው» እል ነበር። ከወር በኋላ «እኔና በላይነህ» ማለት ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ የበላይነህን ስም ማንሳት ተውኩ።

አሁን ወደ ሃያት ልምጣ። ሃያት የደሴ ልጅ ናት። ኮሌጃችን ተምራ፣ እኔም አስተምሬያት፣ ጉንደ ወይን የሒሳብ መምህርት ሆና ተመደበች። እዚያ ኔትወርኩ ስለማያጫውታት ቅዳሜ ቅዳሜ ተሳፍራ ደብረ ማርቆስ ትመጣና ጓደኛዋ ዘንድ ታድራለች። ያን ሰሞን አዲስ አበባ የተቋቋመ አንድ ቡድን ሴት ተጫዋቾችን ይመዘግብ ነበር። የተመረጠችው እዚያው እየኖረች ትሠለጥናለች፤ ጌም ሥራዋ ይሆናል። መስፈርቱ አንድ ብቻ ነው፦ እሑድ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ቁጥሯን ሁለት ሺህ ያስሞላች ትመዘገባለች። የድጋፍ ደብዳቤ የለ፣ ምስክር የለ፣ ዘመድ የለ።

ሃያት ሦስት ጊዜ ዝውውር ጠይቃ ሦስት ጊዜ የተከለከለች ሰው ናት። ሦስተኛውን መልስ የነገሯት ማመልከቻዋን ሳያነቡት ነው።

«መምህር፣» አለችኝ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ ስልኳን ቻርጅ እየሰካች፣ «ማንንም ሳልለምን የምገባበት በር ስመለከት ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ዝም ብሎ መጫወት ነው፣ ቁጥር ይናገራል። እንዴት ደስ እንደሚል!»

«ቁጥርም አንዳንዴ ይናገራል፣ አንዳንዴ ያወራል» አልኳት ለማሳቅ። አልሳቀችም።

ያን ዕለት ከበላይነህ ጋር ተሰለፈች። እሱ ይከላከላል፣ እሷ ከኋላው ሆና ትወጋለች። አራት ተጫውተው ሦስቱን አሸነፉ። ከአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ተነሥታ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስት ደረሰች። አንድ ድል ሃያ ሁለት ነጥብ ያህል ያስገኛል። አንድ ጊዜ ማሸነፍ ብቻ ቀራት።

«ነገ ከቁርስ በፊት እንጨርሰዋለን» አለ በላይነህ።

ሊመሽ ሲል ስልኩ ጮኸ። አጎቱ ይጁቤ አርፈዋል፤ ቀብሩ እሑድ ነው። ከዚህ በኋላ የሚባል ነገር የለም፤ አጎቱን ሳይቀብር ጌም የሚጫወት ሰው ቢኖር ቀጣዩ ቀብር የእሱ ነው። ጃኬቱን ለብሶ ሲወጣ እጄን ይዞ ወደ በሩ ወሰደኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ነገ ሃያት ብቻዋን ትሰለፍ።»

«እሺ።»

«እርስዎ አብረዋት እንዳይገቡ ማለቴ ነው።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

«አይ፣ እኔ እርስዎን አውቅዎታለሁ።»

«እግዜር ያጥናህ፣ ሂድ አሁን» ብዬ ገፋሁት። ያናደደኝ ማስጠንቀቁ ሳይሆን ትክክል መሆኑ ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ ጌም ቤት ስደርስ ሃያት ከመስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር ይዛ ጠበቀችኝ። ጠዋት ዋይፋዩ ሲቆራረጥ ስላረፈደ አንድም አልተጫወተችም። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ብቻዋን ተሰለፈች። ማሽኑ የሰጣት አራት ሰዎች ከጠላት ይልቅ እርስ በርስ ሲዋጉ ቆይተው ተሸነፉ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት። ጥፍሯን ነክሳ እንደገና ተሰለፈች። ሁለተኛውን አሸነፈች። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስምንት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ሦስት፣ አራት ጨዋታ የሚያጫውት ጊዜ አላት፤ አንዱን ማሸነፍ ይበቃታል።

መብራት ጠፋ።

ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ። የስልክ ኔትወርክ ሞከረች፤ ጌሙ ለመከፈት ብቻ ሰባት ደቂቃ ፈጀና ተዘጋ።

«ታዴ፣ ጄኔሬተሩስ?»

«ጄኔሬተሩ አለ» አለ ታዴ። «ነዳጅ ነው የሌለው።»

«ነዳጅ የሌለው ጄኔሬተር ምን ይባላል?»

«ዕቃ።»

አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል ሆነ። ደጅ ዝናብ ያዘ። ሃያት በየደቂቃው ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል ቀና ብላ ታያለች፤ የሰው ፊት እንደሚያዩት። ታዴ የሆነ ቀልድ ጀመረ፣ መሐል ላይ ተወው። እኔ በሕይወቴ ስንት ነገር ጠብቄአለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ሌላ ሰው ሲጠብቅ ማየት ከብዶኝ አያውቅም።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ አምፖሉ በራ። ታዴ «እልልል!» አለ። ዋይፋዩ እስኪነሣ ሌላ አምስት ደቂቃ ሄደ። አንድ ጨዋታ ከነሰልፉ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሂሳቡ ግልጽ ነው፤ አንድ ጨዋታ ብቻ።

ሃያት አውራ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቆመች። «እንደ መጀመሪያዎቹ ያሉ ሰዎች ቢሰጠኝስ?»

«ብቻሽን ምን አስገባሽ?» አለ ታዴ። «ጋሽ ደምሴ አሉ አይደል? ቁጥራቸው ካንቺ ይበልጣል።»

አንባቢ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ታዴ አልዋሸም። ረስቶታል። የእሱም ቁጥር፣ የእኔም ቁጥር በማን እጅ እንደወጣ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን ነገሩ በወግ፣ በመረዳዳት፣ በሰላም የተሠራ ስለሆነ ከአእምሮው ጠፍቷል። አጨዳ ካለቀ በኋላ ጎተራው ውስጥ ያለውን ገብስ የትኛውን ነዶ ማን እንዳጨደው ማን ያስታውሳል?

«እውነት ነው እንዴ?» ብላ ስልኬን ከእጄ ወሰደች። «ሁለት ሺህ አሥራ አራት! መምህር! ለምን አልነገሩኝም? የሚጫወቱትስ ምንድን ነው?»

«መከላከል» አልኩ። ይህ እንኳ እውነት ነበር። በአንድ ሺህ አንድ መቶ ዓለም ውስጥ የምጫወተው እሱን ነው።

«እኔም የጎደለኝ ተከላካይ ነው! አብረን እንግባ። ይችላሉ አይደል?»

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «ቁጥሩ የእኔ አይደለም» ማለት። ሦስት ቃል። አንደበቴ የተያዘበትን ምክንያት ብዙ ቀን አስቤበታለሁ፤ ለራሴ የሰጠሁት መልስ ሁሉ ያሳፍራል። ታዴ እያየኝ ነበር። ሁለት ተማሪዎቼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ እችላለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ሁለት ሺህ አሥራ አራት እኮ ነኝ!

«እንሞክራለን» አልኩ።

ሃያት የምትጫወተው ቀስተኛ ነው። ቀስተኛ መጀመሪያ ላይ እንደ ጫጩት ማንም ይለቅመዋል፤ ሃያ ደቂቃ ከቆየ ግን ብቻውን ጦር ይፈታል። የእኔ ሥራ ያን ሃያ ደቂቃ ከጎኗ ሳልለይ ማሻገር ነው። በእጄ ያለው ትልቅ ነገር አንድ ነው፤ ለሦስት ሴኮንድ ማንንም የማያሳልፍ ግንብ አቆማለሁ። አንዴ ካቆምኩት ግን ሁለት ደቂቃ ያህል ተመልሶ አይመጣም።

በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሁሉም ነገር ፈጣን ነው። በእኔ ሰፈር ሰዎች እያሰቡ ይመጣሉ። እዚህ መጥተው ነው የሚያስቡት።

«መምህር፣ ወደ ኋላ።»

«እያየሁ ነው።»

«አይዩ፣ ይመለሱ! ይመለሱ!»

ሞትኩ።

«ችግር የለም» አለች።

በአምስተኛው ደቂቃ እንደገና ሞትኩ። «ችግር የለም።» በዘጠነኛው ደቂቃ እኔን ላድን ብላ ተመልሳ እሷም ሞተች። «ችግር የለም» የሚለው ድምፅዋ እየቀጠነ መጣ። ማሽኑ የሰጠን ሌሎቹ ሦስት ሰዎች፣ የት እንዳሉ የማላውቃቸው፣ ስክሪኑ ላይ መጻፍ ጀመሩ። አንዱ፦ «ይሄ ተከላካይ አካውንቱን ገዝቶ ነው እንዴ የመጣው?»

ሃያት ጦርነቱ መሐል አንድ እጇን ለቅቃ መለሰችለት። የጻፈችውን ከስልኬ አነበብኩት፦ «መምህሬ ናቸው። ዝም በል።»

ከዚያ በኋላ ጦርነቱን ትቼ የጻፈችውን ደጋግሜ አነብ ነበር፤ ስለዚህ ይባስ ደከምኩ።

ግን ልጅቱ ጎበዝ ናት። ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነች ያኔ ነው ያወቅሁት፤ አንድ ሰው ተሸክማ፣ ያውም የሚንፈራገጥ ሰው ተሸክማ፣ ሃያኛውን ደቂቃ ተሻገረች። ሦስት ጠላት ገደለች። በሠላሳኛው ደቂቃ የጠላት የመጨረሻ በር ተከፍቶ ቀረ። አንድ ግጥሚያ ማሸነፍ ብቻ ነው፤ ካሸነፍን እንገባና እንጨርሳለን። ታዴ ባንኮኒውን ትቶ ከኋላችን መጥቶ ቆመ። እነዚያ ሁለት ተማሪዎችም መጡ።

«መምህር፣ ይስሙኝ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ። «ግንቡን ያቆዩት። ያ ጥቁር ካባ የለበሰው ወደ እኔ ሲዘል ብቻ ነው የሚያቆሙት። ሲዘል ብቻ።»

«እሺ።»

«ሌላ ማንም ቢመጣ አይንኩ።»

«እሺ አልኩ።»

«ሲዘል።»

ተጋጠምን። ስክሪኑ በብርሃን ተሞላ። ከግራ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁና ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። ግንቤ ቆመ፤ ግርማ ሞገስ ያለው፣ የሚያምር ግንብ፤ ባዶ ሣር ላይ። ከግራ የመጣው የራሳችን ሰው ነበር።

ከዚያ ጥቁር ካባ የለበሰው ዘለለ።

ተሸነፍን። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስምንት። ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሃምሳ ነው። ታዴ ወደ ባንኮኒው ተመለሰና ንጹሕ ብርጭቆዎች ማጠብ ጀመረ።

ሃያት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ከዚያ የእኔን ስልክ አነሣች። «ልየው?» አለች፤ እምቢ የምልበት ፊት አልነበረኝም። የጨዋታ ታሪኬን ከፈተች። ጌሙ እያንዳንዱን ጨዋታ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይመዘግባል። የታሪክ መምህር ሆኜ ይህን መርሳቴ!

«መምህር፣ እዚህ ያሸነፉት ሁሉ በአድፋጭ ነው። ተከላካይ ነኝ አላሉኝም?»

ስልኬን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

«ይሄ ደግሞ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ይሄም ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ እርስዎ ክፍል ውስጥ ነዎት። እኔንም ያስተማሩኝ በዚያ ሰዓት ነው።»

«በላይነህ ነው» አልኩ።

«በላይነህ ምን?»

«በላይነህ ነው ያወጣልኝ። በወንፈል።»

ግራ የተጋባች መስላኝ ላስረዳት ጀመርኩ፤ የራሴ ቁጥር አንድ ሺህ አንድ መቶ እንደነበረ፣ እኔ ጽሑፉን፣ እሱ ቁጥሬን። እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«ወንፈል ወሎም አለ። አውቀዋለሁ» አለች። «ገብስ ማን እንዳጨደው አይጠይቅም፤ ያው ገብስ ነው። ይሄ ግን የሚጠይቀው ማን እንዳጨደው ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር ውስጡ የለበትም። መምህር፣ ይሄ ቁጥር ሽልማት መሰልዎት?»

«እና ምንድን ነው?»

«ግምት ነው። ግምት! የሚቀጥለውን ጨዋታ ምን ያህል እንደሚያሸንፉ የሚገምት። ከፍ ስላለ አይከብሩበትም፣ ዝቅ ስላለ አይዋረዱበትም። አንድ ሺህ አንድ መቶ ቢሉኝ ኖሮ ብቻዬን እሰለፍ ነበር። ማንም የማላውቀው ሰው ቢሰጠኝ፣ ቢያንስ ቁጥሩ የራሱ ነበር።»

«ሃያት፣ ይቅርታ—»

«ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ፈተና ሲኮርጅ የያዙትን ልጅ ምን እንዳሉት ያስታውሳሉ?»

አላስታወስኩም። እሷም አልነገረችኝም። እስካሁን አላውቀውም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የምዝገባውን ቅጽ ከፈተችና ቁጥሯን አስገባች። እንደማይቀበል ታውቃለች። «መስፈርቱን አያሟሉም» አላት። አነበበችው፣ ዘጋችው፣ ቻርጀሯን ጠቀለለች። ስትወጣ «ደህና ያምሹ መምህር» አለችኝ። ይህን ባትለኝ ይሻለኝ ነበር። እርስዎ ብላ አክብራ መውጣቷ ከስድብ በላይ ነው የከበደኝ።

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ለእኔ የተለወጠው ጌሙ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ኮሌጅ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የመምህራን የእርስ በርስ ምዘና ቅጽ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የዚህ አገር መምህር ሁሉ ያውቀዋል። አንተ ለእኔ ዘጠና ስምንት፣ እኔ ላንተ ዘጠና ስምንት። በኮሌጃችን ከዘጠና አምስት በታች ያለው መምህር አንድ ነው፤ እሱም የሰው ሠላምታ የማይመልስ ነው። ቅጹን ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። ስንት ነገር በወንፈል ወጥቶልኛል? የትምህርት ክፍል ኃላፊ ያደረገኝ ያ ዘጠና ስምንት ነው። ከሦስት ሰዎች ጋር ያሳተምኩት ጽሑፍ አለ፤ አንዱን ገጽ እንኳ አልጻፍኩትም፤ ለአንዱ ጸሐፊ ውለታ ውዬ ስሜን አስገብቶልኝ ነው። እና በዚያ ቁጥር ላይ ተማምኖ ተማሪ ከኋላዬ ይሰለፋል። ግንቡን ያቆምልኛል ብሎ ይጠብቀኛል።

ኃላፊነቱን እለቃለሁ ብዬ ዲኑ ጋ ገባሁ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ቁጥሬ የእኔ አይደለም አልኩ። ዲኑ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«አቶ ደምሴ፣ ጨጓራዎ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው።»

«ትንሽ ቢያርፉ?»

ሦስት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ለቀቁኝ። በላይነህ ከቀብር ተመልሶ ሲሰማ ተቆጣኝ። በሃያት አይደለም፤ ስለ እሷማ አስጠንቅቆኝ ነበር። የተቆጣው የማስተርሱን ጽሑፍ መጨረሻ ምዕራፍ አልጽፍልህም ስላልኩት ነው። «ወንፈል ይፈርሳል እንዴ? የእርስዎ ታጭዶ አልቆ የእኔ ሜዳ ላይ ይቀራል?» አለኝ። እውነቱን ነው። በወንፈል ሕግ ነውረኛው እኔ ነኝ። ዛሬ ድረስ በሩቁ ነው የምንነጋገረው፤ ምዕራፉን ማን እንደጻፈለት አልጠየቅሁም፤ ተመርቋል።

ሁለት ሺህ አሥራ አራትን አጥፍቼ አዲስ አካውንት ከፍቼአለሁ። አንድ ሺህ ሰማንያ ሰባት ነኝ። የማጋጥማቸው ሰዎች ሁሉ እንደ እኔ የሚያስቡ ናቸው፤ ጦርነታችን የጡረተኞች ማኅበር ስብሰባ ይመስላል፤ ግማሹን አሸንፋለሁ፣ ግማሹን እሸነፋለሁ፤ ማለትም ማሽኑ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው።

ሃያት አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ብቻዋን ነው የምትሰለፈው። ቁጥሯ ዛሬ ከሁለት ሺህ አንድ መቶ በላይ ነው፤ ቡድኑ ግን ሌላ ምዝገባ አላወጣም። አራተኛውን የዝውውር ማመልከቻ አስገብታለች። «አንብበውት ይሆን?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋት። «መምህር፣ ቢሮ ውስጥ ያለውም ሰው በወንፈል ነው የገባው» አለችኝ፤ በዚህ ነገር ላይ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሳቀችው ለእኔ እንደሆነ፣ በእኔ እንደሆነ አልለየሁም።

«ማንን ጎዳሁ?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። እኔም ብዬዋለሁ፤ ጌም ቤት ውስጥ ተቀምጬ ቁጥሬን እያየሁ ብዬዋለሁ። የጎዳሁትን ሰው ያላየሁት ገና ስላልተሰለፈች ነበር። የውሸት ቁጥር ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ሆኖ ማንንም አይነካም፤ የሚነካው አንድ ሰው አምኖት ከጎኑ የቆመ ቀን ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ በር የሌለው ሰው ነው። ሌላ በር ያለው ሰው ቁጥር አያምንማ፤ ስልክ ነው የሚደውለው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ነገር አለ፤ በጨዋነት አልጠይቅም፤ ጨዋነቴን ጌም ቤት አይታችሁታል። ሌላ ሰው ያወጣላችሁ ቁጥር፣ ማዕረግ ወይም ወረቀት ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ከጎናችሁ ለሚቆመው ሰው «የእኔ አይደለም» በሉት። ከመሰለፋችሁ በፊት በሉት።